ምዕራፍ 5፦ ቃል የሚመዝኑ ሰዎች

መርካቶ ውስጥ ሃያ የጨርቅ ነጋዴዎች በሳምንት 10,000 ብር የሚጣልበት ዕቁብ ገቡ እንበል። ሰኞ ማታ ይሰበሰባሉ፣ ጸሐፊው ስም እየጠራ ይቀበላል፣ 200,000 ብር ሲሞላ ዕጣ ይወጣል። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣላቸው ሴትዮ 10,000 ብር ጥለው 200,000 ብር ይዘው ይሄዳሉ። ሃያኛው ዕጣ የሚደርሰው ወጣት ነጋዴ ግን ብሩን እስኪያይ አሥራ ዘጠኝ ሰኞ ሲጥል ይከርማል።

ሁለቱም የጣሉት እኩል ነው፤ የወሰዱትም እኩል ነው። ያደረጉት ግን ለየቅል ነው። ሴትዮዋ ከአሥራ ዘጠኙ ባልንጀሮቻቸው 190,000 ብር ተበድረዋል። ወጣቱ ለዕቁብተኛው ሁሉ ሲያበድር ከርሞ በመጨረሻ ገንዘቡን ሰብስቧል። በመካከል ያሉት ደግሞ ዕጣቸው እስኪወጣ አበዳሪ፣ ከወጣ በኋላ ተበዳሪ ናቸው። "ብድር" የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም፤ ሥራው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የብድር ሥራ ነው።

ሴትዮዋ በዚያች ሰኞ ማታ 200,000 ብር ሲረከቡ በምላሹ ለዕቁቡ ምን ሰጡ? ዕቃ አልሰጡም። የሰጡት ቃል ነው፤ "የቀሩትን አሥራ ዘጠኝ ሰኞዎች ሳላጎድል እጥላለሁ" የሚል ቃል። ዕቁብተኛውም ቃሉን መዝኖ፣ ዋስ አስጠርቶ፣ በመዝገብ አስፍሮ ብሩን አስረከባቸው።

በምዕራፍ 2 አሞሌ ጨው በገበያ ገንዘብ ሆኖ የኖረው "ሌላውም ሰው ይቀበለኛል" በሚል እምነት እንደነበር አይተናል። እዚህ ምዕራፍ ላይ አንድ እርምጃ እንራመድ። ፋይናንስ የሚባለው ሙያ ገና ያልመጣ ገንዘብ ዛሬ እንዲሠራ የሚያደርግ ሙያ ነው። ያልመጣ ገንዘብ ደግሞ በእጅ አይያዝም፤ ያለው መያዣ ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ፋይናንስን ላልተማረ ሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር አስረዳ ብባል፣ "የቃል ንግድ ነው" እላለሁ። ባንክ፣ ኢንሹራንስ፣ አክሲዮን ገበያ፣ የኩባንያ ፋይናንስ፣ የመንግሥት በጀት እየተባለ የሚከፋፈለው ሁሉ ልዩነቱ ቃሉን ማን ለማን ሰጠ የሚለው ላይ ነው። በነዚህ ቅርንጫፎች ላይ የሚሠሩት ባለሙያዎችም አንዱ ቃል ይመዝናል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ይሸጣል፣ አንዱ ቃል ሲፈርስ ጉዳቱን ይሸከማል።

ወለድ ለምን ወለድ ተባለ

ከዕቁባችን ሳንወጣ ጥቂት እንቆይ፤ አሁን ግን የሁሉም ተራ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዕጣ ተለይቷል እንበል። ሦስተኛው ሳምንት የደረሰው ነጋዴ ለገንዘቡ አይቸኩልም። አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ግን ዕቃው ጉምሩክ ደርሶ ቀረጥ የሚከፍልበት አጥቷል፤ የእሱ ተራ ደግሞ አሥራ አምስተኛው ሳምንት ላይ ነው። "ዕጣህን ሽጥልኝ፤ 8,000 ብር እጨምርልሃለሁ" ይለዋል። ይስማማሉ፤ ተራ ይለዋወጣሉ።

ይህ 8,000 ብር የአሥራ ሁለት ሳምንት ዋጋ ነው። ከ200,000 ብር አንጻር 4 በመቶ ይሆናል፤ አሥራ ሁለት ሳምንት በዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ከምናምን ስለሚገኝ በዓመት ሲሰላ 17 በመቶ ግድም ነው። ሁለቱ ነጋዴዎች ካልኩሌተር ሳያወጡ፣ ቡና እየጠጡ፣ የወለድ መጠን ተከራክረው ወሰኑ ማለት ነው።

ወለድ የሚለው ቃላችን ከ"ወለደ" የመጣ ነው፤ ገንዘብ በጊዜ ውስጥ ሲቆይ የሚወልደው ልጅ። በዚያ 8,000 ብር ውስጥ ግን ሦስት ነገር ተቀላቅሏል። አንደኛው የመታገሥ ዋጋ ነው፤ ሻጩ ገንዘቡን ዛሬ ትቶ ለኋላ አሳድሮታል። ሁለተኛው በምዕራፍ 4 በሰፊው ያየነው የዋጋ ንረት ነው፤ ከአሥራ ሁለት ሳምንት በኋላ ያው ብር የሚገዛው ጨርቅ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው የሥጋት ዋጋ ነው፤ ዕቁቡ መሀል ላይ ቢፈርስ ሻጩ ባዶ እጁን ይቀራል። በዓለም ላይ ያለ የፋይናንስ ባለሙያ ሁሉ፣ የቢሮው ፎቅ ምንም ያህል ቢረዝም፣ የሚያሰላው እነዚህን ሦስቱን ነው።

ወለድ በሃይማኖቱ የተከለከለ ሰው ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው ማለት አይደለም። ከወለድ ነፃ የሆነው የባንክ አገልግሎት ያንኑ ጥያቄ በሌላ መንገድ ይመልሳል፤ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በየጊዜው በሚከፈል ዋጋ ይሸጣል፣ አለዚያም ከነጋዴው ጋር ትርፍና ኪሳራ ይጋራል። በአገራችን ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. በዚህ ብቻ የሚሠራ የመጀመሪያው ባንክ ሆኖ ተከፍቷል፤ ሒጅራ ባንክም ተከትሏል።

ባንክ፦ ዕጣ የሌለው ዕቁብ

ዕቁብ የሚሠራው ሰው ከሰው ጋር ስለሚተዋወቅ ነው። ሃያው ሰው ሁለት ሚሊዮን ሲሆንስ? ጎንደር ያለች ጡረተኛ ያስቀመጠችው ብር አዳማ ላለ ዳቦ ጋጋሪ ሊደርስ የሚችለው በመካከል ቃል የሚያሻግር ሲኖር ነው። ለጡረተኛዋ "ገንዘብሽን በፈለግሽ ጊዜ እሰጥሻለሁ" የሚል፣ ከዳቦ ጋጋሪው ደግሞ "በአራት ዓመት እመልሳለሁ" የሚል ቃል የሚቀበል። ባንክ ይኸው ነው። የመጀመሪያው የአቢሲኒያ ባንክ በየካቲት 1898 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ተከፍቶ ሥራውን ሲጀምር ለአገራችን እንግዳ የነበረው ነገር የማይተዋወቁ ሰዎችን ቃል ማገናኘቱ ነበር። ደርግ በታኅሣሥ 1967 ባንኮችን ወረሰ፤ የግል ባንክ እንደገና የተፈቀደው በ1986 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ሲሆን አዋሽ ባንክ ቀዳሚው ሆነ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ ለውጭ ባንኮች በሩን ከፍቷል።

ባንክ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው መስኮት ላይ ብር የሚቆጥረውን ልጅ ነው። የባንክ ልቡ ግን ሌላ ክፍል ውስጥ ነው፤ ብድር ክፍል። ዳቦ ጋጋሪያችን አዲስ ምድጃ ለመግዛት 2,000,000 ብር ጠየቀ። የብድር ባለሙያዋ ጫማዋን አቧራ አልብሳ ዳቦ ቤቱ ድረስ ትሄዳለች። የመብራት ሒሳቡን ትጠይቃለች፤ ምን ያህል እንደሚጋግር ከሒሳብ መዝገቡ ይልቅ ቆጣሪው ይናገራልና። የዱቄት ጆንያ ትቆጥራለች። ከዚያ አምስት ጥያቄ ለራሷ ታቀርባለች። ሰውዬው ከዚህ በፊት የሰጠውን ቃል እንዴት ጠብቋል? ገቢው ክፍያውን ይችላል? ከራሱ ኪስ ምን ያህል አስገብቷል? ባይከፍል ምን መያዣ አለ? ዘመኑ ለዳቦ ቤት ምን ይመስላል?

ሁለተኛውን ጥያቄ በቁጥር እንየው። 2,000,000 ብር በ18 በመቶ ወለድ በአራት ዓመት ቢመለስ ወርኃዊ ክፍያው 59,000 ብር ግድም ይመጣል። ጋጋሪው በአዲሱ ምድጃ በወር 80,000 ብር አተርፋለሁ ይላል። እስካሁን ጥሩ ነው፤ 21,000 ብር ይተርፈዋል። ግን በወር 100 ኩንታል ዱቄት ይጨርሳል። የአንድ ኩንታል ዋጋ 300 ብር ቢጨምርና እሱ የዳቦውን ዋጋ መጨመር ባይችል 30,000 ብር ከትርፉ ይነሳል፤ የቀረው 50,000 ብር ክፍያውን አይሸፍንም። ጎበዝ የብድር ባለሙያ የምትለየው እዚህ ላይ ነው። "አይሆንም" ብላ ፋይሉን አትዘጋም፤ የክፍያው ጊዜ ይርዘም፣ ወይም ምድጃው ያነሰ ይሁን ብላ ታማክራለች።

ስለ መያዣ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ባንኮቻችን ለረጅም ዘመን ከአምስቱ ጥያቄዎች አራተኛውን ከሌሎቹ አስበልጠው ኖረዋል፤ ቤት ወይም ሕንፃ የሌለው ሰው ቃሉ አይመዘንለትም። ይህ ለአገር ጉዳት ነው። ቃል መመዘን ማለት ሰውዬውንና ሥራውን መመዘን ነው፤ ቤቱን ብቻ መመዘን የግንበኛ ሥራ ነው። ከዚህ የተሻለ መንገድ እንዳለ ያሳዩት አነስተኛ ብድር ሰጪ ተቋማት ናቸው። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው፣ መያዣ ለሌላቸው ገበሬዎች በቡድን እየተዋዋሱ እንዲበደሩ ሲያደርግ ኖሯል። ባለሙያዎቹም ገጠር ለገጠር የሚሄዱ ናቸው። ይህን ሙያ የሚመኝ ወጣት በክራባት ብቻ አይመኘው።

በባንክ ውስጥ ከብድር ቀጥሎ ለኔ የሚያስደንቀኝ የውጭ ንግድ ክፍል ነው። አዲስ አበባ ያለ የጎማ አስመጪና ጓንግዡ ያለ የጎማ ፋብሪካ አይተዋወቁም። አስመጪው ቀድሞ መክፈል ይፈራል፤ ፋብሪካው ቀድሞ መላክ ይፈራል። ባንኩ መሀል ገብቶ "ዕቃው ስለመጫኑ ትክክለኛ ሰነድ ካቀረብክ እኔ እከፍልሃለሁ" ይላል። ነጋዴዎች ኤልሲ የሚሉት ይኼንን ነው፤ የማይታወቀው ሰው ቃል በሚታወቀው ባንክ ቃል ተተካ ማለት ነው። በዚህ ክፍል የሚሠራው ባለሙያ ጎማውን አያይም፤ የሚያየው ወረቀቱን ነው። በመጫኛ ሰነዱ ላይ አንድ ቀን ወይም አንድ ፊደል ቢሳሳት ክፍያው ይቆማል። ዓይኑ ጥቃቅን ነገር የማያልፈው ሰው እዚህ ቦታ ወርቅ ነው።

ሃምሳ ሎሚ

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚለውን ተረት የተናገረ ሰው ኢንሹራንስን በአንድ መስመር አስረድቷል። ዕድራችንም በዚሁ ይሠራል፤ ሁሉም በየወሩ ትንሽ ያዋጣል፣ ሐዘን የደረሰበት ድንኳኑንም ገንዘቡንም ሰውንም ያገኛል። የዕድር ቃል ከዕቁብ ቃል ይለያል። ዕቁብ ውስጥ የጣልከውን እንደምታገኝ ታውቃለህ፤ የማታውቀው መቼ እንደሆነ ነው። ዕድር ውስጥ የጣልከውን መልሰህ ባታገኘው ደስ ይልሃል።

ዕድሩ ስንት ብር ቢያስከፍል ይበቃዋል? አብዛኛው ዕድር በልምድ ይተምናል፤ ካሳነሰ ተጨማሪ መዋጮ ይጠይቃል። አንድ ኩባንያ ለሠላሳ ዓመት የሚዘልቅ ቃል ሲገባ ግን እንዲህ ማድረግ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1693 ኤድመንድ ሃሌይ፣ በስሙ የምትጠራዋን ጅራታም ኮከብ ያጠናው እንግሊዛዊ፣ ብሬስላው በምትባል ከተማ (ዛሬ በፖላንድ ቭሮትስዋፍ) የተመዘገበውን ልደትና ሞት ይዞ አንድ ሠንጠረዥ ሠራ። ሠንጠረዡ በእያንዳንዱ ዕድሜ ላይ ካለ ሕዝብ ምን ያህሉ ወደሚቀጥለው ዓመት እንደሚሻገር ያሳያል። አንድ ሰው መቼ እንደሚሞት ማንም አያውቅም፤ ከሺህ ሰው መካከል በዓመት ምን ያህሉ እንደሚሞት ግን በጣም ተቀራርቦ መገመት ይቻላል።

ይህን ዕውቀት ወደ ሥራ የለወጡት ሁለት የስኮትላንድ ቄሶች ናቸው፤ ሮበርት ዋላስና አሌክሳንደር ዌብስተር። ቄስ ሲሞት ሚስቱና ልጆቹ ያለ ጧሪ መቅረታቸው አሳዘናቸው። የቤተ ክርስቲያኑን መዝገብ አገላብጠው በዓመት በአማካይ 27 ቄሶች እንደሚሞቱና ከእነሱ 18ቱ ሚስት ጥለው እንደሚያልፉ አሰሉ፤ የኤድንብራው የሒሳብ ሊቅ ኮሊን ማክሎሪንም ስሌቱን አቃናላቸው። እ.ኤ.አ. በ1744 ሕግ ወጥቶለት ሥራ የጀመረው ይህ የመበለቶች ዕድር ቃሉን ጠበቀ። ያዋጡትን ገንዘብ ዝም ብለው አላስቀመጡትም፤ እያበደሩ በወለዱ አሳደጉት።

ዛሬ የእነዚያን ቄሶች ሥራ የሚሠራው ባለሙያ አክቹዋሪ ይባላል። የሞት፣ የሕመም፣ የመኪና ግጭት፣ የድርቅ ቁጥር ይዞ "ለዚህ ቃል ዛሬ ስንት ቢዋጣ ይበቃል?" የሚለውን ይመልሳል። ሒሳብ የሚወድ፣ ፈተና የማይሰለቸው ሰው ሙያ ነው፤ ሙሉ ማዕረግ ላይ ለመድረስ ከዲግሪ በኋላም ለዓመታት በዓለም አቀፍ የሙያ ማኅበራት መፈተን አለ። በአገራችን ያለው ቁጥር እጅግ ትንሽ ነው፤ መድን ድርጅቶቻችንም የጡረታ ተቋሞቻችንም ይፈልጓቸዋል። ሒሳብ ክፍል ውስጥ ጎበዝ ሆኖ "በዚህ ምን እሠራለሁ?" የሚል ተማሪ ካለ ይህን ስም ይያዝልኝ።

በመድን ድርጅት ውስጥ ሌሎችም አሉ። አንዱ ፋብሪካውን ዞሮ አይቶ፣ የእሳት ማጥፊያውን ፈትሾ ውሉን ይቀበላል፤ አረቦኑን፣ ማለትም የመድኑን ክፍያ፣ ይተምናል። አንዱ አደጋ ሲደርስ ካሳውን ይገምታል። ይህ የካሳ ክፍል ሠራተኛ የኩባንያው ቃል እውነት መሆኑ የሚታይበት ሰው ነው። የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ የግድ ስለሆነ መኪና ያለው ሁሉ አረቦን ይከፍላል፤ መድን ምን እንደሆነ የሚያውቀው ግን የተጋጨ ዕለት ነው። ያን ዕለት ፈጥኖ፣ በአክብሮት፣ በትክክል የሚከፍል ሠራተኛ ከመቶ ማስታወቂያ ይበልጣል።

የኩባንያ ፋይናንስ፦ እያተረፉ መክሰር

ይርጋጨፌ ላይ ቡና አጥቦ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ አስቡ። በኅዳር ቀይ ቡና ከገበሬው በጥሬ ገንዘብ ይገዛል። ያጥባል፣ ያደርቃል፣ ያበጥራል፣ ይጭናል። የውጭ ገዢው ገንዘብ የሚደርሰው ከወራት በኋላ ነው። በመካከል የሠራተኛ ደመወዝ፣ ትራንስፖርት፣ የባንክ ወለድ አለ። ይህ ነጋዴ በዓመቱ መጨረሻ አትራፊ ሆኖ ሳለ በጥር ወር ደመወዝ የሚከፍልበት አጥቶ ሊዘጋ ይችላል። እያተረፉ መክሰር የሚባል ነገር አለ፤ ብዙ ጥሩ ድርጅት የወደቀው በዚህ ነው።

የኩባንያ ፋይናንስ ኃላፊ ሥራ ይህን መከላከል ነው። ገንዘቡ በየትኛው ወር ይገባል፣ በየትኛው ይወጣል? አዲሱ ማሽን ዋጋውን ያወጣል? ገንዘቡንስ ከየት እናምጣ? የመጨረሻው ጥያቄ ሁለት ዓይነት ቃል ያስመርጣል። ብድር ከሆነ "አተረፍኩም አላተረፍኩም እከፍልሃለሁ" የሚል የጠበቀ ቃል ነው። አክሲዮን ከሆነ "ካተረፍኩ እንካፈላለን፣ ከከሰርኩ አብረን እንከስራለን" የሚል ቃል ነው። የመጀመሪያው ርካሽ ነው፤ ግን ክፉ ዘመን ሲመጣ አያዝንም። ሁለተኛው ይታገሣል፤ ግን ትርፉንም ውሳኔውንም ማካፈል ይጠይቃል። ስንቱን በዚህ፣ ስንቱን በዚያ ማድረግ ለዚህ ሙያ ዋነኛ ጥበብ ነው።

ቃል ሲሸጥ ሲለወጥ

አክሲዮን የገዛ ሰው ልጁን ለመዳር ገንዘቡን ቢፈልግ ኩባንያውን "መልስልኝ" ማለት አይችልም። የሚያዋጣው ቃሉን ለሌላ ሰው መሸጥ ነው፤ መርካቶ ላይ ዕጣውን እንደሸጠው ነጋዴ። የካፒታል ገበያ ማለት የተጻፈ ቃል የሚሸጥበት ጉልት ነው።

ለዚህ ገበያ ሕጉ የወጣው በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 ሲሆን የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው 10 በመቶውን፣ እያንዳንዱን በ300 ብር፣ ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። ለሽያጭ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል፣ ዋጋውም 3.2 ቢሊዮን ብር ነው። አንዳንዱ "ከሸፈ" አለ። እኔ የማየው ሌላውን ቁጥር ነው፤ ከ47 ሺህ በላይ ሰው በስልኩ የኩባንያ ባለድርሻ ሆኗል።

እዚህ ገበያ ውስጥ ደላላ አለ፤ ግን የሰፈር ደላላ አይደለም። ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው፤ ቢያጭበረብር ይነጠቃል። ኩባንያዎች አክሲዮን ወይም ቦንድ ለሕዝብ ሲያቀርቡ ዋጋውን ተምኖ ሰነዱን የሚያዘጋጅ ኢንቨስትመንት ባንክ አለ። የኩባንያ ሒሳብ አንብቦ "ይህ ቃል በዚህ ዋጋ ያዋጣል ወይ?" የሚለውን የሚመልስ ተንታኝ አለ። በዓለም ደረጃ ለዚህ ሙያ የታወቀው ሦስት ከባድ ፈተና ያለው ሲኤፍኤ የሚባለው ማዕረግ ነው።

የሰውን ገንዘብ ተቀብሎ በብዙ ቃል ላይ የሚያፈስ ባለሙያም አለ። የሱን ጥበብ የትግራይ ገበሬ ያውቀዋል። ስንዴና ገብስ ቀላቅሎ በአንድ ማሳ ይዘራል፤ ሐንፈጽ ይሉታል። ዝናቡ ቢያንስ ገብሱ ይቆማል፣ ዝናቡ ቢበጅ ስንዴው ይከፍላል። ሃሪ ማርኮዊትዝ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1952 ይህንኑ ለአክሲዮን በሒሳብ ጻፈው፤ የአንድ አክሲዮን ሥጋት ብቻውን ሳይሆን ከሌሎቹ ጋር ሲቀላቀል ምን እንደሚሆን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1990 የኖቤል ሽልማት አገኘበት።

ቃል ሲሸጥ ሲለወጥ ግን አደጋም አለው። አሜሪካ ውስጥ የቤት ብድር የሰጡ ተቋማት ብድሩን ወዲያው ለሌላ ይሸጡ ጀመር። የማይከፍል ሰው ቢበደር ጉዳቱ የገዢው እንጂ የእነሱ አልሆነም፤ ስለዚህ መመዘን ተዉ። ገዢዎቹም አንድ ላይ ጠቅልለው ለሌላ ሸጡ። ተበዳሪዎቹ መክፈል ሲያቅታቸው ጉዳቱ በሰንሰለቱ ሁሉ ተዛመተ። እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 2008 ሊማን ብራዘርስ የተባለው የ158 ዓመት ባንክ ሲወድቅ ዓለም ሁሉ ተናወጠ። ቃሉን የሚመዝነው ሰው ቃሉ ሲፈርስ የሚጎዳው ሰው መሆን አለበት። ይህን የዘነጋ ገበያ የትም አገር ይወድቃል።

መንግሥትም ቃል ይገባል

በመጋቢት 2003 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ መሠረት ሲጣል ገበሬው፣ መምህሩ፣ በውጭ ያለው ወገናችንም ቦንድ ገዛ። ቦንድ መንግሥት ከዜጋው የተበደረበት የተጻፈ ቃል ነው። በጳጉሜን 2017 ግድቡ ሲመረቅ ያ ቃል መብራት ሆኖ ታየ። መንግሥት ለአጭር ጊዜ ሲበደር የግምጃ ቤት ሰነድ ይሸጣል፤ የቀረውን ከግብር ይሰበስባል። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የ2018 የፌዴራል በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ሆኖ ጸድቋል። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያቅድ፣ ዕዳውን የሚያስተዳድር፣ ግብሩን የሚሰበስብ ባለሙያ ከባንክ ሠራተኛ ያነሰ ደመወዝ ቢከፈለውም የሚሠራው ስሕተት የሚነካው መላ አገሩን ነው። የብሔራዊ ባንክ ባለሙያዎች ደግሞ የዕቁቡ ዳኞች ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በአንድ ቀን ከ74 ብር በላይ የገባበትን ዕለት የሚያስታውስ ሰው የእነሱ ውሳኔ እስከ ጓዳው እንደሚደርስ አያጣውም።

ጸሐፊው

የዕቁቡን ጸሐፊ እስከ አሁን ብዙም አላነሳሁትም። የሒሳብ ሠራተኛና ኦዲተር የሱ ልጆች ናቸው። ሰዎች ሒሳብ አያያዝንና ፋይናንስን አንድ ያደርጓቸዋል። ሒሳብ አያያዝ የሆነውን ይጽፋል፤ ፋይናንስ የሚሆነውን ይገምታል። ያለ መጀመሪያው ሁለተኛው ዕውር ነው፤ ከላይ ያየናቸው ባለሙያዎች በሙሉ ጸሐፊው የጻፈውን አምነው ነው የሚሠሩት። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ኩባንያዎች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲጽፉ ያዘዘው፣ የኢትዮጵያ ሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድም የተቋቋመው ለዚህ ነው። ሥራ ማግኘትን ብቻ ካየን ከሁሉም ሰፊው በር ይህ ነው። መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅትም፣ ሆስፒታልም፣ ትምህርት ቤትም ሒሳብ ሠራተኛ ይፈልጋል።

የትኛውን በር?

ልጆቻቸውን ፋይናንስ ሊያስተምሩ የሚያስቡ ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ የትኛው ቅርንጫፍ የበለጠ እንደሚከፍል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ከሱ የሚቀድም አለ። ልጁ የትኛው የቃል ሥራ ይስማማዋል? ከሰው ጋር ተቀምጦ፣ ዓይን ዓይኑን አይቶ መጠየቅ የሚወድ ብድር ክፍል ይመቸዋል። ብቻውን ከቁጥር ጋር ማምሸት የሚወድ አክቹዋሪ ወይም ተንታኝ ይሁን። ተጠራጣሪ ሆኖ የተፈጠረ፣ ሰነድ ሲያይ "ይህ ደረሰኝ የት አለ?" የሚል ልጅ ኦዲተር ሆኖ ይከበራል። መደራደር የሚችል፣ እምቢ ሲሉት የማይሰበር ገበያው ውስጥ ይግባ። ቁጥር ቢችልም ለማስመሰል የሚደፍር ልጅ ግን ከዚህ ሙያ ይራቅ። አባቶቻችን "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" ያሉት ለዚህ ሙያ የተባለ ይመስለኛል።

በዚህ ዓመት የትምህርት ክፍል የምትመርጡ ተማሪዎች ሆይ፣ ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት አንድ እሑድ ስጡኝ። ወደ ሰፈራችሁ ዕድር ሂዱና ከጸሐፊው አጠገብ ተቀመጡ። መዝገቡን ጠይቁ፤ ስንት አባል እንዳለ፣ በዓመት ስንት ሐዘን እንደደረሰ፣ ስንት እንደተዋጣና ስንት እንደተከፈለ ቁጠሩ። ከዚያ ወርኃዊው መዋጮ ለሚቀጥሉት አምስት ዓመታት ይበቃ እንደሆነ ራሳችሁ አስሉ። ውጤቱንም ለጸሐፊው አሳዩዋቸው።